ጋሼ፣ የአያቴ ጠመንጃ ይተኩሳል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ወር ስለ አሮጌ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ለካስ በባሕር ዳርና በጣና ዳር ስንቱ ቤት ሣጥን ውስጥ፣ አልጋ ሥር፣ ቆጥ ላይ አንዳንድ አስቀምጧል! ደብዳቤው ዘነበብኝ። ስድስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው መልስ ረዝሟል፤ የሌሎቹ ሥር እዚያ ስለሆነ ነው። የቸኮለ እሱን ብቻ ያንብብ።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ከረሙ? አያቴ ባለፈው ጥር አረፉ። ሣጥናቸውን ስንከፍት በጋቢ የተጠቀለለ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ አገኘን። ከውጭ ሁለት መዶሻ አለው። ሰደፉ አንገቱ ላይ በጠፍር ታስሯል። አፈሙዙ ሥር፣ ሞላላ ክብ ውስጥ፣ ኢ ኤል ጂ የሚሉ የላቲን ፊደላት አሉ። አጎቴ «ይሄ የጣልያን ነው፣ ዛሬም አንበሳ ይጥላል» ይላል። ወንድሜ ደግሞ ለሙት ዓመታቸው አንድ ሁለት እንተኩስላቸው ብሎ ተነስቷል። ይተኩሳል? እንዴትስ ላጽዳው? — የሽምብጥ ልጅ

መልስ፦ ነፍሳቸውን ይማር። አጎትህ ግማሹን ተሳስቷል። ሌላውን ግማሽ ደግሞ እንዳይሞክረው አደራ።

ከሁሉ በፊት ክፈተው። አያትህ በሕይወት ሳሉ «ባዶ ነው» ብለው ይሆናል፣ አጎትህም ምሎ ይሆናል፣ አንተ ግን በዓይንህ እይ። አፉን ሰው ወደሌለበት አዙር፣ ጣትህን ከምላጩ አርቅ፣ ከዚያ መክፈቻውን ገፍተህ ከወገቡ እጠፈው። በሁለቱም ጉድጓድ ብርሃን ካየህ ባዶ ነው። ብርሃን ካልታየህ ወይ ጥይት አለ፣ ወይ ተርብ ቤቷን ሠርታበታለች። አትሳቅ፤ ጭቃ የምትለስን ተርብ እንደ አፈሙዝ ቀዳዳ የምትወደው ነገር የለም። እኔ ራሴ ከአንዱ ውስጥ ጣት የሚያህል ደረቅ ጭቃ በእንጨት ገፍቼ አውጥቻለሁ። ያንን ሳያይ የሚተኩስ ሰው አፈሙዙ ግራ እጁ ላይ ሊፈነዳበት ይችላል። ዝጎ አልከፈት ካለህ ደግሞ አትደብድበው፤ ጥይት አለበት ብለህ አስብና የሚያውቅ ሰው ጥራ።

ሁለተኛው ነገር ወረቀት ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፣ አሮጌ ነው ብሎ ዝም አይልም። ፈቃዱ በአያትህ ስም ከነበረ ያንተ ፈቃድ አይደለም። ስለዚህ ጠመንጃውን ተሸክመህ ሳይሆን ወረቀቱን ይዘህ መጀመሪያ ፖሊስ ጋ ሂድና ጠይቅ። መሣሪያውን እንዴት አድርገህ እንደምታመጣው እነሱ ይንገሩህ። ባጃጅ ላይ በጋቢ ጠቅልሎ መዞር ለማንም አይበጅም።

አሁን ወደ ብረቱ እንግባ። ኢ ኤል ጂ የቤልጂግ ነው፣ የጣልያን አይደለም። ልየዥ የምትባለው የጠመንጃ ሠሪዎች ከተማ ማኅተም ነው። እዚያ ጠመንጃ ከመሸጡ በፊት ከልኩ በላይ ባሩድ አጉርሰው ይተኩሱበታል። ካልተጎዳ ማኅተሙን ይመቱበታል። የጣልያኑማ ባብዛኛው የሚመጣው ቤሬታ የሚባለው ጠመንጃ ሠሪ በፈረንጅ ከ1526 ጀምሮ አፈሙዝ ከሚሠራባት ከጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ ከተማ ነው። ቀና ብለህ ማኅተሙን እንደገና እይልኝ። ከሞላላው ክብ ላይ ትንሽ ዘውድ ካለ በፈረንጅ ከ1893 ወዲህ የተፈተነ ነው፣ ማለትም ከዓድዋ ሦስት ዓመት ቀድሞ ከጀመረው ዘመን ወዲህ። ዘውድ ከሌለው ከዚያ በፊት ነው።

ዘመኑን የምጠይቅህ ለወግ አይደለም። ጉዳዩ ባሩድ ነው። ያን ጊዜ የነበረው ጥቁር ባሩድ ነበር፤ የሚያጨሰው፣ እንደ ምድጃ የሚሸተው። ጭስ አልባው ባሩድ የመጣው ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ በፈረንጅ በ1884 ከሠራው በኋላ ነው። ዛሬ ሱቅ ያለ ጥይት ሁሉ ማለት ይቻላል በጭስ አልባ ባሩድ ነው የሚሞላው። ኃይሉ ሌላ ስለሆነ ፈተናውም ለብቻው ነው። ልየዥ ለዚህ የምትመታው ምልክት አንበሳና ከሥሩ ፒ እና ቪ የሚሉ ፊደላት ነው። እሱን ካላየህ ያ ጠመንጃ ለዛሬ ጥይት ተፈትኖ አያውቅም። እዚህ ላይ ክርክር የለም።

ቀጥሎ የአፈሙዙን ቆዳ ተመልከት። ቆሻሻው በትንሽ ዘይት ሲጠረግ እንደ ነጠላ ጥለት የተጠላለፈ መስመር ከወጣልህ የደማስቆ አፈሙዝ የሚባለው ነው። ብረትና አረብ ብረት እየጠመዘዙ፣ እያጋሉ፣ እየቀጠቀጡ አያይዘው ነው የሚሠሩት። መልኩ ያፈዝዛል። ችግሩ ያ ሁሉ መጋጠሚያ ውስጥ መቶ ዓመት ሙሉ እርጥበት ሲገባ ውስጥ ለውስጥ ይበላዋል፣ ከላይ ግን ምንም አይታይም። ለግድግዳ ጌጥ እንደሱ ያለ የለም። ለመተኮስ ግን የጠመንጃ ባለሙያ በመሣሪያ ለክቶ ካልፈቀደልህ አታስበው።

ውስጡን ለማየት አፈሙዙን ከሰደፉ ነቅለህ በመስኮት በኩል ወደ ሰማይ አሻግረህ እይ። ጥቁር ነጠብጣብ ካየህ ዝገት የበላው ጉድጓድ ነው። ብርሃኑ እንደ ቀለበት ጨለም ብሎ ከዞረ ደግሞ አፈሙዙ አንድ ጊዜ ከውስጥ አብጧል ማለት ነው። ያበጠ አፈሙዝ አበቃለት።

ከዚያ ማንጠልጠል አለ። ይሄንን በጣም እወደዋለሁ። አፈሙዙን ብቻውን ከሥሩ ካለው የብረት ጥርስ በክር አንጠልጥለህ በጣትህ ጥፍር ወይም በእርሳስ እንጨት ነካ አድርገው። የጣና ገዳማት የድንጋይ ደወል ሲመታ ሰምተህ ታውቃለህ? እንደሱ ጥርት ብሎ ከረዘመ ሁለቱን አፈሙዞች ያያያዘው ብየዳ ጤነኛ ነው። «ጠክ» ብሎ ከሞተ አንድ ቦታ ለቋል፣ በለቀቀበትም ውሃ ገብቶ ተኝቷል። 

የመጨረሻው መንቀጥቀጥ ነው። ከፊት ያለችውን የእጅ መያዣ እንጨት አውልቅ፣ ጠመንጃውን ዝጋ፣ ሰደፉን ይዘህ ነቅነቅ አድርገው። ቀጭ ቀጭ ካለ መጋጠሚያው ተበልቷል። ስስ ወረቀት በአፈሙዙ ኋላና በሚዘጋው ብረት መካከል አድርገህ ዝጋውና ሳብ፤ ወረቀቱ ያለ ችግር ከወጣ ክፍተት አለ። ያ ክፍተት ሲተኮስ የሚፈነዳውን ጋዝ ወደ ፊትህ የሚልክ በር ነው።

ያንተው ግን እስከዚህም መድረስ አያስፈልገውም። ሰደፉ በጠፍር ታስሯል አልከኝ። ይሄ ማለት አንድ ጊዜ አንገቱ ተሰብሯል። አያትህ ወይ ከሳቸው በፊት የነበረው ሰው እርጥብ ጠፍር ጠምጥሞ አድርቆ አኑሮታል። ሥራው ያምራል፣ እጃቸው ነውና ጠፍሩን እንዳትፈታው። ግን የተሰበረ አንገት ትከሻ ላይ ተደግፎ አይተኮስም። ለሙት ዓመታቸው ሰውን አብሉበት፣ ጸሎት አስደርጉበት። ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ ሳይሆን በተቆለፈ ነገር ውስጥ አኑሩት።

አንድ ልጨምርልህ። ከውጭ መዶሻ ያላቸው በጣም አሮጌዎቹ መዶሻው ከወደቀ በኋላ ወደ ኋላ አይመለስም፣ ጥይቱን መትቶ የሚያፈነዳውን መርፌ ተጭኖ ነው የሚቆየው። እንዲህ ያለውን ጥይት አጉርሶ በዝግታ እንኳ ቢዘጉት መርፌው ጥይቱን ሊነካው ይችላል። ስንቱ ሰው «ሰይጣን ተኮሰው» ያለው ነገር ይሄው ነው። ባዶውንም ቢሆን ለመጫወት ቀጭ ቀጭ አታድርገው። የሚመታው ነገር ሲያጣ አሮጌ መርፌ ይሰበራል። መዶሻውን በአውራ ጣትህ ይዘህ ቀስ አድርገህ አውርደው።

ጥያቄ፦ ዘጌ የቡና መሬት አለኝ። ጦጣው አስመርሮናል። አባቴ የተወልኝ ፈቃድ ያለው ባለ ሁለት አፈሙዝ 12 ቁጥር አለኝ። የድሮው የካርቶን ጥይት ስላለቀ ከሰው አዲስ የፕላስቲክ ጥይት አገኘሁ። ሳጎርሰው ልክክ ብሎ ገባ። አንድ ጊዜ ወደ ባዶ ቦታ ተኮስኩ፣ ትከሻዬ ሳምንት አበጠ። ጥፋቱ የጥይቱ ነው የጠመንጃው? — የዘጌ ገበሬ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥፋቱ «ልክክ ብሎ ገባ» የሚለው ነው። ሁለተኛውን እንዳትተኩስ።

12 ቁጥር የአፈሙዙን ስፋት ብቻ ነው የሚነግርህ። አንድ ፓውንድ እርሳስ፣ 453 ግራም ግድም፣ 12 እኩል ድቡልቡል ቢደረግ አንዷ ድቡልቡል የምትገባበት ቀዳዳ ማለት ነው። ወደ 18 ሚሊ ሜትር ተኩል ይሆናል። ለዚህ ነው ቁጥሩ ሲበዛ ቀዳዳው የሚጠበው፤ 20 ቁጥር ከ12 ቁጥር ይቀጥናል። ስለ ርዝመቱ ግን 12 የሚለው ምንም አልነገረህም፣ ቀኝ ትከሻህ ያበጠውም በርዝመቱ ሳይሆን አይቀርም።

የድሮዎቹ ጠመንጃዎች ብዙዎቹ መጉረሻቸው፣ ማለት ጥይቱ የሚተኛበት ክፍል፣ 65 ሚሊ ሜትር ነው። የዛሬ ጥይት ደግሞ ባብዛኛው 70 ነው፣ 76ም አለ። «ታዲያ እንዴት ገባ?» ትላለህ። ጥይቱ ሳይተኮስ ጫፉ እንደ ኮከብ ታጥፎ ስለተዘጋ አጭር ነው። 70 የሚባለው ከተተኮሰና ጫፉ ከተዘረጋ በኋላ ያለው ርዝመት ነው። ስለዚህ ሲተኮስ ያ እጥፋት ተዘርግቶ ቦታ ያጣና ወደ ጠባቡ ጉሮሮ ይገባል። ጥይቱ ውስጥ ያለው የእርሳስ ፍሬ ደግሞ በዚያው በጠበበው በኩል ልውጣ ይላል። ከኋላ ያለው ግፊት ይጨምራል። ቡና መቅጃው አፉ ላይ ቃጫ ተወትፎበት ስትቀዳ እንደሚሆነው ነው። ጀበናው ግን አይፈነዳም፣ ይሄ ይፈነዳል።

ክብደቱም አለ። ያንተው ዓይነት የድሮ ቀላል ጠመንጃ የታሰበው 28፣ 30 ግራም እርሳስ እንዲገፋ ነው። ከዛሬዎቹ መካከል 36 ግራምና ከዚያ በላይ የተሸከሙ አሉ። አንዳንዱ ደግሞ በእርሳስ ፈንታ የብረት ፍሬ ነው ያለበት። የብረት ፍሬ እንደ እርሳስ አይለሰልስም፣ ስሱን የድሮ አፈሙዝ ከጫፉ ያበላሸዋል። ጥይቱ ላይ የተጻፈውን ሳታነብ አታጉርስ።

ያንተ መጉረሻ ስንት እንደሆነ አፈሙዙ ሥር ፈልግ። ቤልጂግና ፈረንሳይ የሠሯቸው ላይ 12፣ ከዚያ ሰረዝ፣ ከዚያ 65 ወይም 70 ተመትቶ ታገኛለህ። ካላገኘህ ጠመንጃውን ክፈትና ቀጭን የብረት ማስመሪያ ከኋላ በኩል ከግድግዳው ጋ አስጠግተህ አስገባ። ጫፉ አንዲት ደረጃ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። እዚያ ድረስ ያለው ነው መጉረሻው። 65 ከሆነ ጥይቱ ላይም 65 መባል አለበት፣ 67 ተኩል ቢሆን እንኳ አልመክርህም። ያንን የተኮስክበትን አፈሙዝ ከላይ ለሽምብጡ ልጅ እንዳልኩት ወደ ሰማይ አሻግረህ እይ፤ ቀለበት መሳይ ጥላ ካለ ጨርሷል።

ስለ ጦጣዎቹ ደግሞ ቅር አይበልህ። የዱር እንስሳ መግደል ፈቃድ ይፈልጋል። ዘጌ ደግሞ ዩኔስኮ በፈረንጅ በ2015 የመዘገበው የጣና ሐይቅ የባዮስፌር፣ ማለት የተፈጥሮ ጥበቃ፣ ክልል ውስጥ ያለች ናት። አባቶችህ ያንን ቡና እስከዛሬ ያቆዩት በማማና በወንጭፍ ነው። ጦጣ አንድ ጊዜ የጥይት ድምፅ ሰምታ ትሸሻለች፣ በሦስተኛው ቀን ግን ባዶ ጩኸት መሆኑን ታውቃለች። ውሻና ሰው ይሻልሃል።

ጥያቄ፦ ቤታችን ሐይቁ ዳር ነው። የአባቴን ባለ ሁለት አፈሙዝ በራሱ የቆዳ ማኅደር ውስጥ አድርጌ ክረምቱን አስቀምጬው መስከረም ላይ ስከፍተው ቀይ ዝገት ለብሷል። ጎረቤቴ በሎሚና በአመድ እሸው ይላል። አጎቴ ኑግ ዘይት ይላል። እናቴ ቅቤ ትላለች። ማንን ልስማ? — ፋሲሎ ክፍለ ከተማ

መልስ፦ እናትህን በሌላው ሁሉ ስማ፣ በዚህ ግን አይሆንም። ቅቤ ውሃም አሲድም አለበት። ሲበላሽ ብረቱን ራሱ ይበላዋል። ኑግ ደግሞ ለወጥ እንጂ ለጠመንጃ አይሆንም። ኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው ይደርቃል፣ ይሙጫማል። ለዚህ ነው ቀለም ሠሪዎች የሚፈልጉት። አሮጌ ጠመንጃ ከውስጥ ቡናማ ሙጫ ተጋግሮበት መዶሻው አልንቀሳቀስ ሲል አይቻለሁ፤ ባለቤቱ ለሃያ ዓመት በየፋሲካው ኑግ ሲያጠጣው ኖሯል። ሎሚና አመድማ ብረቱን ያነጣዋል፣ ያን የሚያምር ጥቁር ወይም ቡናማ ቆዳውን ገፎ ለሚቀጥለው ዝገት ራቁቱን ያስቀምጠዋል። የአሸዋ ወረቀትም እንደዚያው።

ጥፋተኛው ማኅደሩ ነው። ቆዳ እርጥበት ጠጥቶ አይለቅም። ባሕር ዳር ከፍታዋ 1,800 ሜትር ግድም ነው ብለህ አትታለል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡና ሐይቁ ተባብረው ሣጥን ውስጥ ያለ ጫማ እንኳ ሻጋታ ያበቅላል። ማኅደሩ ለመንገድ ነው። ቤት ከገባህ አውጣው። በጋቢም አትጠቅልለው፣ ጥጥም እንደ ቆዳው ነው።

ዝገቱን እንዲህ አድርግ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አይተህ አፈሙዙን ንቀል። ዝገቱን በቀጭን የማሽን ዘይት ወይም በላምባ አርሰህ አንድ ሌሊት አሳድረው። ጠዋት በሻካራ ጨርቅ እሸው። አልለቅ ካለ ከመዳብ ወይም ከናስ የሆነ ስስ ሽቦ ተጠቀም፤ ከብረቱ ስለሚለሰልስ አይጭረውም። የማይለቅ ካለ ተወው። አሮጌ ጠመንጃ ትንሽ ጠባሳ ቢኖረው አያፍርም። እንደ አዲስ ማብረቅረቅ ግን ዋጋውንም ታሪኩንም ይጨርሰዋል።

የተኮስክበት ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ብዙ ሰው የማያውቀው ይሄን ነው። የድሮ ጥይት መርፌው የሚመታት ትንሿ ክብ ነገር ስትፈነዳ ጨው ትተዋለች። ጨው ነው የምልህ፣ ከአየር ላይ ውሃ የሚስብ። ይሄ ጨው በዘይት አይሟሟም። ዘይት ቀብተህ «አጸዳሁ» ብለህ ትተኛለህ፣ ከዘይቱ ሥር ግን ብረቱ ይበላል። ጨውን የሚያወጣው ውሃ ነው። አፈሙዙን ነቅለህ የፈላ ውሃ አፍስስበት። አትፍራ፤ ብረቱ ስለሚግል ራሱን ወዲያው ያደርቃል። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ወልውለው፣ ሲቀዘቅዝ ነው ዘይት ስስ አድርገህ የምትቀባው። ስስ ነው ያልኩት። ጣትህ ሲነካው የሚያረጥብህ ከሆነ በዝቷል። ጥቁር ባሩድም እንደዚሁ ነው፣ በመጀመሪያ ውሃ፣ በኋላ ዘይት።

ንጋት ላይ በታንኳ የወጣ ጠመንጃ ከብርዱ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባ ደግሞ ያልበዋል። እንደ ቀዝቃዛ ቢራ ጠርሙስ። ወዲያው አትዘይተው፣ ላቡ እስኪደርቅ ጠብቅ።

አቀማመጡ ላይ የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። ወጣት ሳለሁ አንድ ጥሩ ባለ ሁለት አፈሙዝ ነበረኝ፣ ዘይቱን አብዝቼ ጥግ ላይ በሰደፉ አቁሜው ዓመታት ኖረ። ዘይቱ ቀስ በቀስ ወርዶ እንጨቱ ብረቱን በሚይዝበት ቦታ ጠጣው። እንጨቱ ጠቆረ፣ ላላ፣ ከዚያ አንድ ቀን ከመጋጠሚያው ተሰነጠቀ። ከዚያ ወዲህ አፉን ወደ ታች ዘቅዝቄ ጨርቅ ላይ ነው የማቆመው። አንተም እንደዚያ አድርግ።

ለእንጨቱ የሚሆነው ተልባ ነው። የተልባ ዘይትም እንደ ኑግ ይደርቃል፣ ግን እንጨት የሚፈልገው እሱን ነው። ጥቂት ጠብታ በመዳፍህ አሽተህ እስኪሞቅ እሸው፣ የተረፈውን ጥረግ፣ ነገ ድገም። አደራ የምልህ ግን የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጨብጠህ ጥግ ላይ አትጣል። ሲደርቅ በራሱ ይግላል፣ ክብሪት ሳይነካው ሊነድ ይችላል። ዘርግተህ ውጭ ላይ አስጣው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆነ። ጠመንጃቸው ቁም ሣጥን ውስጥ አለ፣ ሁለት አፈሙዝ ነው። መተኮስ አልፈልግም፣ መሸጥም አንጀቴ አልቻለም። የልጅ ልጆቼ ግን እያደጉ ነው፣ እንቅልፍ አጣሁ። ጥይቶችም አሉ፣ በጣሳ። ወደ ሐይቁ ልጣላቸው? — አንዲት እናት፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ እትዬ፣ እግዜር ያጽናዎት። ወደ ሐይቁ አይጣሉ። መረብ ያወጣቸዋል፣ ደግሞም እርሳስ ነው፣ ሰው ከዚያ ውሃ ይጠጣል። እሳት ውስጥም በፍጹም። ጥይቶቹን ሳይነካኩ ለፖሊስ ይንገሩ፣ መጥተው ይውሰዱ። አሮጌ ካርቶን ጥይት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ማንም እንዳይሞክረው።

ጠመንጃውን ለማቆየት ደግሞ ፈቃዱን ወደ እርስዎ ስም ስለማዞር ይጠይቁ። ከዚያ ይለያዩት። የዚህ ጠመንጃ ደግነቱ ያለ መፍቻ ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ ከፊት ያለችው እንጨት ትወጣለች፣ አፈሙዙ ይነቀላል፣ ሰደፉ ይቀራል። አፈሙዙን አንድ ቦታ ይቆልፉበት፣ ሰደፉን ሌላ ቦታ። ከሁለቱ አንዱ ብቻውን ለልጅ ዱላ ነው እንጂ ጠመንጃ አይደለም። ቁልፎቹ ደግሞ አንድ ቀለበት ላይ አይሁኑ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሲወጣ፣ ልጅዎ አውጥቶ ከላይ እንዳልኩት ስስ ዘይት ይቀባልዎት። ብየዳ ይሠራበትና አይተኩስ የሚልዎት ካለ እምቢ ይበሉ፤ ያን ካደረጉ መመለሻ የለውም።

ጥያቄ፦ ለምን ሁለት ምላጭ አለው? አንድ ጊዜ ሁለቱንም ሳብኩና ወደ ኋላ ወደቅሁ። — ሳቅ ያልወጣው

መልስ፦ እኔ ግን ሳቅሁ፣ ይቅርታ። እያንዳንዱ ምላጭ የራሱ አፈሙዝ አለው። የፊተኛው ብዙ ጊዜ የቀኙን ነው የሚተኩሰው፣ የኋለኛው የግራውን። ቀኙ ጫፉ ሰፋ ያለ ነው፣ ፍሬውን ቶሎ ይበትነዋል፣ ለቅርብ ነው። ግራው ጫፉ ጠበብ ብሎ ፍሬውን ሰብስቦ ራቅ አድርጎ ይልካል። ቆቅ መጀመሪያ ስትነሳ ቅርብ ናት፣ የሳትካት እንደሆነ ርቃለች፣ ስለዚህ ሁለተኛው ለራቀው ነው። አንድ ጣት ብቻ አስገባ፣ ከፊተኛው ወደ ኋለኛው አንሸራት። ሁለት ጣት ያስገባ ሰው አንተን ይሆናል።

እግረ መንገዴን፣ ሐይቁ ላይ ዳክዬና ይብራ አይቶ ጠመንጃ የሚያስበው ሰው አይገባኝም። እኛ ዘንድ ማን ሊበላው?

ጥያቄ፦ የታናሽ እህቴ ሠርግ ሊደርስ ነው። ሽማግሌዎች «ጠመንጃ ካለህ ለሙሽሪት ሁለት አሰማ» ይሉኛል። ሌላው ደግሞ አፈሙዙ ረዘመ፣ ይቆረጥ ይሉኛል። — ግሽ ዓባይ

መልስ፦ ሁለቱንም እምቢ በል።

ወደ ላይ የተተኮሰ ነገር ይወርዳል። ለወፍ የሚሆነው ትንሹ ፍሬ ከ200 ሜትር በላይ ይሄዳል፣ ትልልቁ ፍሬ ከ600 ሜትር በላይ። ግሽ ዓባይ ቆመህ 600 ሜትር ስንት ዳስ፣ ስንት ጣራ፣ ስንት ሕፃን እንዳለ ቁጠር። ያንተው ጠመንጃ ደግሞ ከላይ ያልኩት ፈተና ሁሉ አልፎ ከሆነ አላውቅም። እልልታው ይበቃል፣ አዝማሪም ጥሩ።

መቁረጡን ደግሞ ሕጉም አይወደውም፣ ጠመንጃውም አይወደውም። ቅድም ያልኩት የግራው አፈሙዝ ጥበት ያለው ጫፉ ላይ፣ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሳንቲ ሜትሮች ላይ ነው። ቆርጠህ ስትጥለው እሱን ነው የጣልከው። ሁለቱን አፈሙዝ ያያያዘው ብየዳም ከተቆረጠበት ይከፈትና ውሃ መጠጣት ይጀምራል። የቆረጠልህ ብረት ቀጥቃጭ ደግሞ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄዷል።

የሽምብጡ ልጅ፣ አንተን አልረሳሁህም። ማኅተሙ ላይ ዘውድ አለ ወይስ የለም? ጻፍልኝ።